ሳትለካ እና እንቅልፍ ያጣችው ፒካፕ

ሰው ስለ ልጁ ሲያወራ አጋነነ ይባላል። ይባል! ሠላሳ ስድስት ዓመት መሪ ጨብጬ ስኖር ምላሴን ቆጥቤ ነው የኖርኩት፤ አሁን ትንሽ ባወራ ማን ይከለክለኛል? ደግሞስ የሰማሁትን መች አወራሁ? በራሴ ላይ የደረሰውን ነው የምነግራችሁ። አንዲት ቃል ብጨምር ዓይኔን ግንባር ያርገው።

ልጄ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት። በምትሠራበት ጋራዥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ ሁሉም «ሳትለካ» ነው የሚላት። ሥራ በጀመረች ሰሞን አንዱ ጎልማሳ ሜካኒክ «ይሄ ይመስለኛል» ብሎ ፊውዝ ሊነቅል እጁን ሲሰድ «ሳትለካ አትንካ!» ብላ እጁን መታ አደረገችው። የአባቷ እኩያ ነው እኮ! ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ያን ቀን አለቀ፣ ስሙ ግን ቀረ። ዛሬ ደንበኛው ሁሉ ስልክ ደውሎ «ሳትለካ አለች?» ነው የሚለው። የለችም ከተባለ መኪናውን ይዞ ይመለሳል እንጂ ሌላ ሰው አያስነካም።

ይህን ሁሉ ግን የሰማሁት ከሰው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የዚያን ጋራዥ ደጃፍ ረግጬ አላውቅም ነበር። አሳፋሪው ነገር ይሄ ነውና ቀድሜ ልናገረው።

ነገሩ የጀመረው እሷ ልጅ ሳለች ነው። እጇ አያርፍም ነበር። አንድ ቀን ለሌሊት ጥሪ የምይዘውን የእጅ ባትሪ ፈታታ ወለል ላይ አስጥታ አገኘኋትና ጆሮዋን ቆነጠጥኩ። እያለቀሰች መልሳ ገጠመችው። ከዚያ በኋላ ያ የእጅ ባትሪ ከበፊቱ አብልጦ ያበራ ጀመር፣ ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም። አድጋ ከሙያ ትምህርት ቤት ስትወጣ እኔ ያሰብኩላት ወንበርና ጠረጴዛ ነበር። ደረቅ እጅ፣ ንጹሕ ልብስ። እሷ «ጋራዥ ልገባ ነው» አለችኝ።

«ጋራዥ? ዘይት ተለቅልቀሽ መኪና ሥር ልትጋደሚ? ደግሞ የሰው መኪና አቃጥለሽ ስሜን ልታጠፊ! ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም!» አልኳት።

«እስኪ ላቡካና ቅመሰዋ» ብላኝ ወጣች።

አራት ወር አልተነጋገርንም። አንድ ገበታ ላይ ተቀምጠን እናቷ ነበረች አስተርጓሚያችን። «እማዬ፣ አባዬን ጨው አቀብለኝ በይልኝ» ትላለች እሷ። «ጨው ከፈለገች እጇ ረጅም ነው በያት» እላለሁ እኔ። እናቷ አንድ ቀን ጨውን መሃላችን ዘጭ አድርጋ «እኔ የሁለት ግትሮች ፖስታ ቤት አይደለሁም!» ብላ ተነሥታ ሄደች። ከዚያ መነጋገሩን ጀመርን። ስለ ሥራዋ ግን እኔ አልጠይቅም፣ እሷም አትነግረኝም።

አሁን ወደ ፒካፗ ልምጣ። እኔ የውሃ መሥሪያ ቤት ሹፌር ነኝ። ቧንቧ ሲፈነዳ የጥገና ሠራተኞችን ከነመሣሪያቸው ጭኖ የሚሮጠው እኔ ነኝ። ሁለት ሹፌሮች ነን፤ አንድ ሳምንት እኔ፣ አንድ ሳምንት ባልደረባዬ። ተረኛ የሆነ ሰው መኪናዋን ይዟት ያድራል። አሮጌዋ መኪና ስታረጅ አዲስ ፒካፕ መጣች። አቤት ስታምር! ፊቷ ላይ ቴሌቪዥን የሚያክል ስክሪን አለ፣ የቁልፍ ቀዳዳ የሚባል ግን የላትም። ቁልፏም ቁልፍ አይመስልም፤ ጥቁር ጠፍጣፋ ጠጠር በሉት። እሱን ኪስህ ይዘህ ስትቀርብ ራሷ አውቃህ በሩን ትከፍትልሃለች፣ ከዚያ ቁልፍ ማዞር የለ፣ በጣት ተጭነህ ማስነሳት ነው። እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምጠብቃት።

የእኔ አያያዝ ደግሞ የታወቀ ነው። ድሮ፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ ከደጄ ባትሪ ተፈትቶ ተሰርቆብኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪና የማቆመው በመኝታ ቤቴ ግድግዳ ጥግ አስጠግቼ ነው። በሹፌሩ በርና በግድግዳው መካከል ድመት እንኳ አታልፍም፤ እኔ ራሴ የምወርደው በዚያኛው በር ተንፏቅቄ ነው። ቁልፉን ደግሞ ከትራሴ በላይ ባለች ምስማር ላይ እሰቅለዋለሁ። ስልክ ሲጮህ፣ ዓይኔ ሳይገለጥ እጄ ቁልፉ ላይ ነው። ባለቤቴ «ሌሊት እኔን ከምትነካኝ ያንን ቁልፍ የምትነካው ይበዛል» ትለኛለች። እውነቷን ነው። በሠላሳ ስድስት ዓመት አንድም ጥሪ ላይ ዘግይቼ አላውቅም ነበር።

ነበር ነው እንግዲህ። አዲሷ መኪና በመጣች በሁለተኛው ተራዬ አንድ ጠዋት ተጫንኩ፣ ዝም። ደግሜ ተጫንኩ፣ ዝም። ስክሪኑ እንኳ አልበራም። የጎረቤት መኪና አስጠግተን በኬብል አስነሳናት። ከሁለት ቀን በኋላ ደገመች። ባትሪ ተቀየረ፣ ሠለሰች። የገጣጠማት ድርጅት ሜካኒኮች ወስደው ሁለት ቀን አስቀምጠው «ምንም የላትም» ብለው መለሷት። ሁለተኛ ባትሪ ተቀየረ። የሚገርመው፣ በባልደረባዬ ሳምንት አንድም ቀን አትሞትም። በእኔ ሳምንት ግን ሁለት ሌሊት ካደረች በሦስተኛው ጠዋት ሬሳ ናት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሲወራ የከረመውን እኔ የሰማሁት መጨረሻ ላይ ነው። አንዱ «ውስጧ ተኝቶ ሬዲዮ ሲሰማ ነው የሚያድረው» ይላል። ሌላው «ስክሪኑን ማጥፋት አያውቅበትም፣ አርጅቷል» ይላል። አንዱማ ይባስ ብሎ «የሰፈር ሰው ስልክ ቻርጅ ያደርጋል» አለ። እኔ! በመኪናዋ እንኳን የሰው ስልክ የራሴን ስልክ ሞልቼ አላውቅም!

ከዚያ የከፋው መጣ። አንድ ሰኞ ጠዋት ዋናው መስመር ፈነዳ ተባለ። እጄ ቁልፉ ላይ፣ እግሬ ጫማው ላይ፣ ዘልዬ ገባሁ። ዝም። ኬብል ተፈልጎ፣ መኪና ተለምኖ ስንደርስ ሁለት ሰዓት ዘግይተናል። መንገዱ ወንዝ ሆኗል፣ የሰው ሳሎን ውሃ ገብቶበታል፣ አንዲት እናት ፍራሿን አጥር ላይ ሰቅላ ቆማ ታየኛለች። ምንም አላለችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የስምሪት ኃላፊው በማግሥቱ ጠራኝ። ልጅ እግር ነው፣ ሰው ግን ያከብራል። «ጋሼ» አለኝ፣ ጠረጴዛውን እያየ። «ጡረታዎ ሦስት ወር ነው የቀረው። ፋይልዎን አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ አንዲት የማስጠንቀቂያ ወረቀት የለበትም። ግን በሌላው ሹፌር እጅ ደህና ሆና በእርስዎ እጅ የምትሞት ከሆነ እኔ ምን ልበል? እስከ ዓርብ ምክንያቱ በባለሙያ ተጽፎ ካልመጣልኝ፣ በቸልተኝነት ደብዳቤ ጽፌ ከመሪ አነሳዎታለሁ።»

ቸልተኝነት! እናንተዬ፣ ይህን ቃል እስከ ቤቴ ደጃፍ እየደጋገምኩት ሄድኩ። እኔ ሀብት አላፈራሁ፣ ሹመት አላየሁ፤ ያለኝ ያ ንጹሕ ፋይል ነው። በሱ ነበር ደረቴን ነፍቼ ልወጣ ያሰብኩት። ቤት ገብቼ ምሳ ሳልበላ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ ነገሩን አውጣጥታ ከሰማች በኋላ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ልጅህ ምንድን ነው ሥራዋ?» አለችኝ።

የጫማዬን ማሰሪያ መፍታት ጀመርኩ።

«እየጠየቅኩህ ነው! ከተማው ሁሉ ወረፋ ይዞ የሚጠብቃት ልጅ ሥራዋ ምንድን ነው?»

«ታውቂው የለ...»

«አንተ ስታውቀው ነው የሚጠቅምህ። በል ኩራትህን ኪስህ ክተትና ሂድ።»

ሄድኩ። ረቡዕ ጠዋት፣ ልክ እንደ ባለጉዳይ። ከበሩ ላይ ቆም አልኩ። መቼም ጋራዥ አይቼ አላውቅ ይመስል! ዘይት የጠጣ ወለል፣ የተንጠለጠለ ሞተር፣ መዶሻ ከሩቅ ይጮሃል። በአንድ ጥግ ግን ወለሉ ተጠርጓል። ግድግዳው ላይ የያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ በእርሳስ ተሥሏል፤ ፒንሳው በፒንሳው ቅርጽ ላይ፣ ካቻቢቴው በካቻቢቴው ላይ ተሰቅሏል። ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ወንበር፣ ከፊቱ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ቴስተር የሚሉት የኤሌክትሪክ መለኪያና ወፍራም ደብተር። የማን ጥግ እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁት። መሣሪያ ከተጠቀምኩበት ቦታው መልሼ የምሰቅለው እኔ ነኝ እኮ! ከማን ወሰደችው?

አንዱ ጎልማሳ ሜካኒክ እጁን እየጠረገ መጣና ማንን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ስነግረው ዓይኑ ፈጠጠ። «የሳትለካ አባት?» ብሎ ጮኸ። «ኧረ እናንተ፣ የሳትለካ አባት መጥተዋል!» ከየመኪናው ሥር ሰው ወጣ፣ ወንበር መጣ፣ ሻይ ታዘዘ። የጋራዡ ባለቤት ራሱ ከቢሮው ወጥቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ። እኔ አባቷ ዘጠኝ ዓመት የነፈግኳትን ክብር እነዚህ ሰዎች በእሷ ስም ለእኔ ሰጡኝ። የት ልግባ?

እሷ እርሳስ ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ ከአንድ ኮፈን ሥር ቀና አለች። አየችኝ። ፈገግም አላለች፣ አልተኮሳተረችም።

«አባዬ፣ ምን አመማት?» አለችኝ። እንዴት መጣህ አላለችኝም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ዓርብን ጭምር። ደብተሯ ላይ ጻፈች። ከዚያ እርሳሷን አስቀመጠችና «እሺ፣ አያታለሁ። ግን አንድ ነገር ቀድሜ ልንገርህ። ያገኘሁትን ነው የምጽፈው» አለችኝ። «እኮ፣ ጻፊዋ!» አልኩ። ምን እንደምትል መች ገባኝ።

መጀመሪያ ባትሪውን ፈተነች፤ ጤነኛ ነው። ሞተሩን አስነሥታ ዲናሞውን ለካች፤ ባትሪውን የሚሞላው እሱ ነው፤ አሥራ አራት ቮልት ከምናምን አነበበችልኝ፣ እሱም ጤነኛ ነው። «ስለዚህ እየሞላች ነው፤ ቆማ ሳለ የሚጠባት አለ ማለት ነው» አለችኝ። ከዚያ የሆነ መንጋጋ ያለው መለኪያ አመጣችና የባትሪውን ገመድ አስነከሰችው። በሩን ክፍት ትታ መቆለፊያውን በካቻቢቴ ገፋ አደረገችው፤ መኪናዋ በሯ የተዘጋ እንዲመስላት ነው። ቁልፉን ተቀብላ ራቅ ያለው ቢሮ ውስጥ አስቀመጠችው። ተመልሳ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች።

«አሁንስ?» አልኩ።

«አሁን እስክትተኛ እንጠብቃለን። አዲስ መኪና ስትዘጋት ወዲያው አትተኛም፤ ኮምፒውተሮቿ አንድ በአንድ ናቸው የሚያንቀላፉት። ሳትተኛ የሚለካት ሰው ነው እየተሳሳተ ባትሪ የሚያስቀይረው።»

አርባ ደቂቃ! እኔ ከመቀመጫዬ ስነሣ ስቀመጥ፣ እሷ ንቅንቅ የለም። ቁጥሩ ከአምስት አምፔር ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ዜሮ ነጥብ አራት ወረደ፤ በመጨረሻ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሦስት ላይ ተኛ። «እንዲህ ሆና ብታድር ሳምንትም አትሞትም። ምንም የላትም» አለች።

ደሜ ፈላ። «ምንም የላትም ለማለት ነው እንደ ዶሮ እንቁላል ላይ ያስቀመጥሽኝ? ይህንንማ እነዚያም ብለውኛል! እንግዲያው ጥፋቱ የኔ ነው በይኛ!»

አልተቆጣችም። ድምፄ ገና ግድግዳው ላይ ሳያርፍ «የት ነው የምታድረው?» አለችኝ።

«እኔ?»

«እሷ።»

«ቤት ነዋ፣ ደጄ ላይ።»

«እኔ ደግሞ እዚህ ጋራዥ ውስጥ ላም ባልዋለበት ኩበት እለቅማለሁ» አለችና መለኪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ተነሥ፣ ቤት እንሂድ።»

እቤት ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ናት። «ልክ ማታ እንደምታደርገው አድርግ። እኔ አለሁ ብለህ እንዳታሳምር» አለችኝ። ግድግዳው ጥግ አስጠጋኋት። በዚያኛው በር ተንፏቅቄ ወረድኩ። እሷ መለኪያዋን አስነክሳ ደጅ ቀረች፣ እኔ ገባሁ። «ከዚያስ ምን ታደርጋለህ?» ብላ በመስኮት ጮኸች። «እተኛለኋ!» «ተኛ እንግዲህ!» በጠራራ ፀሐይ ጫማዬን አውልቄ ተጋደምኩ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ስታየኝ በሳቅ ሞተች። «ሐኪሙም አስተኝቶህ አያውቅ፣ ጎበዝ ልጅ አለችህ!» አለችኝ።

አርባ ደቂቃ አለፈ። ሰዓት ሞላ። «አልተኛችም» አለች ልጄ ከውጭ። «ትወርድና መልሳ ሦስት አምፔር ትወጣለች። የሆነ ነገር እየቀሰቀሳት ነው።» ቀጥላም፣ «አባዬ፣ ቁልፉ የት ነው?» አለችኝ።

«ቦታው ነዋ!»

«ቦታው የት ነው?»

«እዚህ!» ብዬ ከትራሴ በላይ ያለውን ግድግዳ በጉልበት ደበደብኩት።

ብቅ ብዬ በመስኮት ሳይ፣ ክንዷን በጠባቧ ክፍተት አስገብታ ድምፁ የመጣበትን የግድግዳ ቦታ በመዳፏ ነክታለች። የዚያው እጇ ጀርባ የመኪናዋን በር እጀታ ይነካል። አንድ ብሎኬት ብቻ ነው መሃሉ ያለው።

«እማዬ፣ ቁልፉን ውሰጂና ከጓሮ ወጥ ቤት ወስደሽ አስቀምጪው» አለች።

ጠበቅን። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሦስት ላይ ተኛ። ቁልፉ ምስማሯ ላይ ተመለሰ፤ ቁጥሩ ተነሣ። ሦስት ጊዜ አስደጋገመችን። ባለቤቴ በጓሮና በመኝታ ቤት መካከል ስትመላለስ ጫማዋ ተበጠሰ።

ልጄ ከዚያ አጠገቤ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። «ቁልፉ አጠገቧ ካለ አንተ በሩ ላይ የቆምክ ነው የሚመስላት። አሁን ይገባል፣ አሁን ይገባል እያለች ስትጠብቅህ ነው የምታድረው። ቀን ደግሞ የምትሄደው መንገድ አጭር ነው፤ ሌሊት የጨረሰችውን መልሳ አትሞላም። ባልደረባህ ቁልፉን የት ነው የሚያሳድረው?»

«እሱማ ለመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ሰጥቶ ነው የሚሄደው። ቤቱ እዚያው አጠገብ ስለሆነ መኪናዋ ግቢ ውስጥ ነው የምታድረው። የዘበኛው ቤት ከመኪናው ማቆሚያ መቶ እርምጃ ይሆናል።»

«በቃ፣ እሱ ጋ ትተኛለች።»

ያኔ ነው የገባኝ። እንዳትሰረቅ ብዬ ያስጠጋኋት፣ እንዳልዘገይ ብዬ የሰቀልኩት፣ እሱ ነው የገደላት። ያንን ሁሉ ሳሎን ውሃ ያስገባሁት በገዛ ጥንቃቄዬ ነው። ባለቤቴ እስክትወጣ ጠብቄ፣ ሽማግሌ ሰውዬ፣ ልጄን ለመንኳት።

«አፈር ስሆን» አልኳት። «አንድ ሽቦ ተልጦ ነበር፣ ጠግኜዋለሁ ብለሽ ጻፊ። ማን ያውቃል? ቁልፉን ወጥ ቤት አሳድረዋለሁ፣ መኪናዋም አትሞት፣ ሦስቱ ወርም ያልቃል።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አባዬ፣ ያኔ አለቃህ ያልሄድክበትን መንገድ ሄድኩ ብለህ መዝገብ ላይ ጻፍ ያለህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? እምቢ ብለህ ተጣልተህ መጥተህ ለእማዬ ስትነግራት እኔ ከበር ጀርባ ነበርኩ። ‹ያልሄድኩበትን ኪሎ ሜትር አልጽፍም!› ነበር ያልከው። ጠረጴዛውን ስትመታው ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ።»

«ልጅ ነበርሽ እኮ...»

«ልጅ ነበርኩ። እኔም ያልለካሁትን አልጽፍም።»

ተናድጄ ወጣሁ። በእሷ ነው የተናደድኩት ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ራሴን ሸነገልኩ።

ዓርብ ጠዋት ግቢው ሞልቷል። ኃላፊው፣ ባልደረባዬ፣ የጥገና ሠራተኞቹ፣ ዘበኛው ሳይቀር ከበሩ ርቆ መጥቷል። ልጄ የሥራ ቱታዋን ለብሳ፣ ማልዳ መጥታ መለኪያዋን አስነክሳ መኪናዋን አስተኝታታለች። እኔ ዳር ቆሜያለሁ።

«እባክዎ ቁልፉን ይያዙና እዚህ በሩ አጠገብ ይቁሙ» አለችው ኃላፊውን። ያዘ፣ ቆመ። «ቁጥሩን ያንብቡልን።» ኃላፊው አነበበ፤ ቁጥሩ ሲዘል ድምፁም ዘለለ። «አሁን ከነቁልፉ ወደ ዘበኛው ቤት ይሂዱ።» ሄደ። ጠበቅን፣ መኪናዋ ተኛች። «ይመለሱ።» ተመለሰ፣ ነቃች። የጥገና ሠራተኞቹ እንደ ትርዒት አጨበጨቡ። ኃላፊው ግን ግንባሩን ቋጠረ።

«ገባኝ። ታዲያ ጥፋቱ...» አለና ወደኔ ዞረ።

ልጄ አፏን ስትከፍት አየኋት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ቀደምኳት። «እኔ ነኝ!» አልኩ። «ቁልፉን ከመኪናዋ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ያሳደርኩት እኔ ነኝ። ልጄ ለክታ ያገኘችውን ነው የጻፈችው። እኔማ ውሸት ጻፊልኝ ብያት ነበር፤ እምቢ አለችኝ!»

ልጄ ዓይኗ ውሃ ሞላ፤ ግን ሥራ ላይ ናት፣ አላፈሰሰችውም። ወደ ባልደረባዬ ዞረች። «ወንድሜ፣ አንተ ጋ ለምን እንደማትሞት ታውቅ ነበር?»

«እኔ? አላውቅም» አለ፣ እውነተኛ ልጅ ነው። «ቁልፉን ለዘበኛው የምሰጠው እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ ነው።»

«እሱ ሳያውቅ ዳነ፣ አባቴ ሳያውቅ ተያዘ» አለች። «ለሁለቱም የነገራቸው የለም። ኃላፊ፣ የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ የት ነው?»

ኃላፊው ሰው ላከ። መጽሐፉ ከገዛ መሳቢያው ወጥቶ መጣ፤ ፕላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። ልጄ በጥርሷ ቀደደችው፣ ገለጠች፣ በእርሳሷ አንድ መስመር ነክታ ሰጠችው። ከመኪናዋ አጠገብ ቁልፍ አታሳድር ይላል፣ በደማቅ ፊደል። ኃላፊው ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ የእሷን ወረቀት ተቀብሎ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

«ባትሪ፦ ጤነኛ። ዲናሞ፦ ጤነኛ። ተኝታ ስትለካ፦ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሦስት አምፔር። ባትሪው የሚያልቅበት ምክንያት፦ ቁልፉ ከመኪናዋ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ማደሩ። እንዲህ ያደረገው ሹፌሩ ነው። ያደረገውም መኪናዋ እንዳትሰረቅና ጥሪ ሲመጣ እንዳይዘገይ ነው። እንዲህ አይደረግም ብሎ የነገረው ሰው የለም። ይህ ቸልተኝነት አይደለም፤ ሹፌሩ ከዚህ ሰኞ በፊት በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ጥሪ ላይ ዘግይቶ እንደማያውቅ ከመዝገቡ ተመልክቻለሁ።»

መዝገቤን ሄዳ አይታለች! ማልዳ የመጣችው ለካ ለዚህም ነው፤ ያን ሁሉ አቧራ የጠጣ መዝገብ! እውነቱንም አልደበቀችልኝ፣ እኔንም አልጣለችኝ። እኔ የፈለግኩት አንድ ውሸት ነበር፤ እሷ ለክታ እውነቱን ሙሉውን ሰጠችኝ። ኃላፊው ወረቀቱን አጥፎ «ጋሼ፣ ይቅርታ» አለኝ፣ በሰው ሁሉ ፊት። ደብዳቤ የሚባል ነገር አልተነሣም። መጽሐፉን ለሁለታችንም አስነበበን፤ በቀጣዩ ሰኞ ደግሞ ያቺን ፍራሿን አጥር ላይ የሰቀለች እናት ቤቷ ድረስ ሄጄ ምክንያቱን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ምስማሯን ነቀልኳት። ቁልፉ ወጥ ቤት በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ማደር ጀመረ። መኪናዋ እንቅልፍ ስታገኝ እኔ አጣሁ፤ እጄ ባዶ ግድግዳ እየዳሰሰ ብዙ ቀን አስቸገረኝ። ባለቤቴ ግን አልከፋትም። መኪናዋ እስከ ጡረታዬ ቀን አንድም ጠዋት እምቢ ብላኝ አታውቅም።

የጡረታዬ ቀን የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ፋይሌን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አየችና አዘነችልኝ። «ጋሼ፣ እንዴት ያለ ፋይል ነው! በሠላሳ ስድስት ዓመት አንዲት የማስጠንቀቂያ ወረቀት የለም። ይህቺ የጋራዥ ወረቀት ብቻ ናት ያለችው፣ ስለ ባትሪ ምናምን የምታወራ። ላውጣልዎትና ንጹሑን ይውሰዱ?»

«እንዳትነኪያት!» አልኩ፤ ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ አየኝ። «ልጄ ናት የጻፈቻት።»